ኤናላፕሪል ያስለኛል፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ግፊት ተገኝቶብኝ ኤናላፕሪል ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ግፊቱ ወርዶልኛል፤ ደረቅ ሳል ግን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። አክታዬ ተመርምሮ ቲቢ የለም ተብያለሁ። አምሎዲፒን የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት የምትወስደው እህቴን አያስላትም። ጎረቤቶቼ «ኩላሊት ይጎዳል፣ ተይው» ይሉኛል። ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ በራስዎ ውሳኔ እንዳያቆሙት አደራ። ሳሉ ግን ከመድኃኒቱ የመጣ ይመስለኛል።

ኩላሊት የሚደርሰው ደም ወይም ጨው ያነሰ ሲመስለው ሬኒን የሚባል ኢንዛይም ይለቃል። ሬኒን ከጉበት የሚመጣ ፕሮቲን ይቆርጥና አንጂዮቴንሲን 1 ይሠራል። እሱ ብቻውን ብዙ ጉልበት የለውም። ሳንባ ውስጥ በብዛት ያለው ኤሲኢ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ግን ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይቀይረዋል፤ ይሄ ነው ኃይለኛው። የደም ሥር ያጠባል፣ አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን እንዲመነጭ አድርጎ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ግፊትም ይጨምራል።

ኤናላፕሪል ሥራ የሚያስፈታው ኤሲኢን ነው። ይኸው ኤሲኢ ብራዲካይኒን የሚባለውንም ንጥረ ነገር ያፈርስ ነበር። አፍራሽ ሲያጣ ይጠራቀምና ጉሮሮንና የአየር ቧንቧን ይኮረኩራል። ከ100 ተጠቃሚዎች ከ5 እስከ 20 የሚሆኑትን ያስላቸዋል፤ ሴቶች ላይ ይበዛል። የእህትዎ አምሎዲፒን የደም ሥር ጡንቻን ስለሚያላላ ኤሲኢን አይነካም።

ብዙ ጊዜ የምንቀይረው ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ነው። አንጂዮቴንሲን 2 ይመረታል፤ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ሎሳርታን ቀድሞ ይይዝበታል። ኤሲኢ ሥራውን ስለሚቀጥል ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ እስከ 3 ወር የሚቆይበትም አለ። ከዚያ በኋላም ካላቆመ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ቡና ሲቆሉ ወይም ምድጃ ሲያነዱ የሚብስብዎ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጎረቤቶችዎ ያሉትን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው በዚህ ወሬ ነውና። ኤናላፕሪል ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን ደም ሥር ስለሚያሰፋ ማጣሪያው ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ከዓመታት አንፃር ግን፣ በተለይ ስኳር ኖሮባቸው በሽንታቸው ፕሮቲን ለሚታይ፣ ኩላሊትን ይጠብቃል። ለዚህ ነው በተጀመረ በ1 ወይም 2 ሳምንት ክሬቲኒንና ፖታሲየም የሚለካው። ሎሳርታንም እንደዚሁ ነው። እርስዎ ካልተለኩ ይጠይቁ።

ጉዳት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ሲደረብ ነው። አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈተው መድኃኒታቸውን ሲያሳዩኝ ከኤናላፕሪሉ ጎን ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አየሁ፤ ለጉልበታቸው ብለው በየቀኑ ይውጡት ነበር። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ያሳንሳሉ፤ ኤናላፕሪል መውጫውን ያሰፋል፤ ማጣሪያው መሃል ላይ ደም ያጥረዋል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከበረታብዎም ያንኑ ቀን ይታዩ፤ መድኃኒቱ ለጊዜው ሊቆም ይችላል።

ከንፈርዎ፣ ምላስዎ ወይም ፊትዎ ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ኤናላፕሪሉን ዳግም ሳይውጡ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለችም ከዚህ መድኃኒት እንዳያካፍሏት፤ ፅንሱን ይጎዳል።

በዚህ ሳምንት የሚውጡትን ሁሉ፣ የሕመም ማስታገሻም ቢሆን፣ ከነማሸጊያው ይዘው ወደሚከታተልዎ ሐኪም ይሂዱ። እስከዚያ ኤናላፕሪሉን ይቀጥሉ።