መልስ፦ አንድ ዓይነት ጥይት ለሚዳቋም ለሳላም ይሆናል?

አይሆንም። በ308 ጠመንጃዬ (ቁጥሩ የአረሩ ውፍረት ልክ ነው) ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥይት ልጠቀም ወይ ላልከው፣ ጠመንጃው ያው ይሁን፣ አረሩን፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርውሮ የሚመታውን ክፍል፣ ግን ቀይር።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ለሚመዝን አውሬ ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነ 150 ግሬን አረር ይበቃሃል (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፤ 150ው 10 ግራም ገደማ ነው)። ሲመታ እንደ እንጉዳይ ይከፈትና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ሚዳቋ ከዚህም ስለምታንስ ሥጋዋ እንዳይበላሽ ትከሻዋን ትተህ ከኋላው ጎኗ ላይ አነጣጥር።

ሳላን ለመሰለ 200 ኪሎ ገደማ ለሚደርስ ግን ለስላሳው አረር ትከሻ አጥንት ላይ ተሰባብሮ ሳንባ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። 180 ግሬን ሆኖ ሽፋኑ ከእርሳሱ ጋር የተጣበቀውን ወይም ሙሉ መዳብ የሆነውን ያዝ። ለጎሽ 308ን እርሳው፤ 375 እና ከዚያ በላይ ነው የሚያስፈልገው።

ጫፉ ድረስ በብረት የተሸፈነውን የወታደር ጥይት ለአደን አትንካው። ሳይከፈት በስቶ ያልፋል፣ አውሬው ቆስሎ ይሄዳል፣ ሲሰቃይም ያድራል።

አንድ ነገር ልብ በል፦ የአረር ክብደት ስትቀይር የጠመንጃህን ማነጣጠሪያ እንደገና አስተካክል። እኔ ከ150 ወደ 180 ስቀይር በ100 ሜትር ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መታ። ወረቀት ላይ ስለሞከርኩት ነው የታወቀኝ። ቢያንስ ሦስት ጥይት ተኩሰህ እይ፣ ከዚያ ውጣ።