ዱቄት ፋብሪካ ወይስ ዩኒየን? እህል ግዢ ላይ ሥራ ለምትጀምሪው እህቴ

ጥያቄሽን ላላየ ሰው ባጭሩ ልድገመው። በግብርና ኢኮኖሚክስ ተመርቀሽ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ መጣልሽ። አንደኛው አዳማ፣ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የግዢ ረዳትነት ነው። ሁለተኛው አርሲ፣ የገበሬዎች ዩኒየን (የየቀበሌው መሠረታዊ የገበሬ ማኅበራት ጥምረት) ውስጥ የምርት ግብይት ባለሙያነት ነው፤ ደሞዙ ቀነስ ያለ። የቱን ልያዝ? ከገበሬ እህል መግዛት የሚያድጉበት ሙያ ነው ወይስ የነጋዴ ቤተሰብ ለሌለው የማይሆን? ለሴትስ? ብለሻል።

በሁለቱም ዓይነት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። አሁን የቢራ ገብስ ግዢ ላይ ነኝ። ስለዚህ ሳላዞር ልንገርሽ፤ ዩኒየኑን ያዢ።

የፋብሪካው ሥራ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን እዚያ ስንዴ የምትገዢው ከገበሬ ሳይሆን ከአቅራቢ ነው። አቅራቢው ከገጠር ሰብሳቢዎች የለቀመውን በአይሱዙ ጭኖ በር ላይ ያቆማል። ላቦራቶሪው ያያል፣ ሚዛን ቤቱ ይመዝናል። አንቺ ሰነድ ታዘጋጃለሽ፣ ስልክ ታነሻለሽ። ሁለት ዓመት ብትቆዪ የስንዴ ዋጋ በደንብ ታውቂያለሽ። ስንዴን ግን አታውቂም። ዩኒየን ውስጥ የመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ቆመሽ፣ ገበሬው በአህያ ያመጣውን ከጆንያ እያወጣሽ ታያለሽ። ኋላ ላይ ተፈላጊ የሚያደርግሽ ይሄኛው ነው።

እህል ማወቅ ስል ምን ማለቴ ነው? ክንድሽን እስከ ክርንሽ ጆንያው ውስጥ ትከቺያለሽ። ውስጡ ሞቅ ካለ ወይ እህሉ እርጥብ ነው፣ ወይ ነቀዝ ጀምሮታል። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርስሽ ትሰብሪያለሽ። የደረቀች ስንዴ ቀጭ ብላ ትሰበራለች። እርጥቧ ድምፅ አታሰማም፣ ጥርስ ሥር ትጨፈለቃለች። ታሸቺዋለሽም፤ የሻገተ እህል ሽታው ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ እፍኝ ሙሉ ሰፌድ ላይ ትበትኛለሽ። እንክርዳዱ፣ ገለባው፣ አፈሩ፣ የተሸረከተው ፍሬ ሁሉ ይለያል። ጤፍ ከሆነ ቆንጠር አድርገሽ ታኝኪያለሽ፤ አሸዋ ካለበት ጥርስ አይሳሳትም። የእርጥበት መለኪያ ማሽን ይሰጥሽ ይሆናል። ባትሪው ያለቀ ቀን ግን ግዢው አይቆምም።

ደግሞ ከላይ ብቻ አትዪ። ከላይና ከታች ጥሩውን አድርጎ መሀሉን ከአውድማ ጠራርጎ ያመጣውን የሚሞላ አይጠፋም። ለዚህ ነው ናሙና ከአንድ ጆንያ ሦስት ቦታ፣ ከብዙ ጆንያ ደግሞ ተቀላቅሎ የሚወሰደው። እንዲህ ያደረገውን ሰው ሌባ ብለሽ ሕዝብ ፊት አትሳደቢ። “አባ፣ ይቺን አንድ ጊዜ አንፍሰው ቢያመጧት ይሻላል” በይና ወደ ጎን አድርጊለት። እሱም ገብቶታል፣ የቆሙትም ገብቷቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ንጹሕ ይዞ ይመጣል።

ዝርያና በሽታም እወቂ። በ2006 ዓ.ም. ምርት ዘመን ባሌና አርሲ ላይ ድጋሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ የሚባል የፈንገስ በሽታ መታው። ዋግ የመታው ስንዴ ፍሬው ይኮሰምናል። ጆንያው ይሞላል፣ ክብደቱ ግን አይሞላም። ሲፈጭም ዱቄቱ ያንሳል። ማሳ ለማሳ ሲዞር የከረመ ገዢ ይሄን ከአጨዳ በፊት ያውቀዋል። ቢሮ የተቀመጠው የሚያውቀው መኪናው በር ላይ ሲቆም ነው።

አሁን ወደ ሚዛን ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ገበሬ ዋጋ ላይ ይከራከራል እንጂ አይቀየምም። ሚዛን ላይ ግን ይቀየማል። ሚዛን ይቀሽባል የተባለ ገዢ ያ ስም ከቀበሌ ቀበሌ ይከተለዋል። አንዱን ቀን አርሲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገብሳቸውን ከማውረዳቸው በፊት በትራቸውን ለልጃቸው ሰጡና ሚዛኑ ላይ ወጡ። “ትናንት ጤና ጣቢያ ተመዝኛለሁ፤ 52 ኪሎ ነኝ። እስቲ ይሄ ምን ይላል?” አሉ። 52 አለ። ሳይናገሩ ወርደው “አራግፉ” አሉ። ከኋላቸው የቆሙት ሁለት ሦስት ሰዎችም እየወጡ ራሳቸውን መዘኑ። ሥራ ግማሽ ሰዓት ቆመ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሒሳብ ሠራተኛው ግን በብስጭት ሊሞት ደረሰ።

ለጆንያ ተብሎ የሚቀነሰውንም ተጠንቀቂ። ባዶ ማዳበሪያ ሁለት መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። “ለጆንያ” ብሎ አንድ ኪሎ የሚቀንስ ሰብሳቢ ግን ብዙ አይቻለሁ። ገበሬው ይሄን ያውቃል። ዝም የሚለው ሌላ ገዢ ስለሌለ ነው። አንቺ ባዶውን ጆንያ ፊቱ መዝነሽ ቀንሺ።

በዕድሜ የገፉት ገበሬዎች መዝገብ የያዘ ሰው ሲያዩ ቅር የሚላቸው በከንቱ አይደለም። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጥሎ፣ ዋጋ ራሱ ቆርጦ ይወስድ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ከገበያ ገዝቶ ያስረከበበት ጊዜ አለ። ያ የቀረው በ1982 ዓ.ም. ንግዱ ነፃ ሲለቀቅ ነው። አባቱ የነገረውን ያልረሳ ገበሬ ዛሬም “የመንግሥት ናችሁ ወይስ የነጋዴ?” ብሎ ይጠይቅሻል። ዩኒየኑ የእሱ የራሱ መሆኑን መስማት ብቻ አይበቃውም፤ የትርፍ ክፍፍል እጁ ሲገባ ነው የሚያምነው።

ዩኒየንን ግን አላስውብልሽም። ትልቁ ችግሩ ጥሬ ገንዘብ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ሠርግ አለበት። ብሩን የሚፈልገው እህሉን ባራገፈበት ቀን ነው። ዩኒየኑ የባንክ ብድር እስኪለቀቅለት ሲጠብቅ ነጋዴው ብሩን በኪሱ ይዞ እደጅ ድረስ ይሄዳል። እኔ የነበርኩበት ዩኒየን አንድ ዓመት ብድሩ የመጣው ጥር ካለቀ በኋላ ነው። ጥሩ ጥሩው ስንዴ ሄዶ አልቋል። አባላቱ ማኅበራቸውን ትተው ለነጋዴ ሸጡ ተብሎ በስብሰባ ተወቀሱ። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን እሸጥ ነበር።

ሌላው የሚያስፈራው ጉድለት ነው። የግዢ ጣቢያ ኃላፊም ሆነ የመጋዘን ሠራተኛ ስትሆኚ ዋስ አምጪ ትባያለሽ። ወር መጨረሻ ላይ የገዛሽው ኩንታልና ያስረከብሽው ኩንታል ካልገጠመ ልዩነቱ ባንቺ ላይ ነው። ሌብነት ባይኖርም እህል ይጎድላል። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ ስንዴ ገዝተሽ መጋዘን ውስጥ ወደ 13 ቢደርቅ ከ100 ኪሎው የሚቀርሽ 96 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 500 ኩንታል ላይ አስቢው፤ ወደ 17 ኩንታል ውሃ ሆኖ ተንኖ ሄደ ማለት ነው። የገባበት ቀን እርጥበት መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ለኦዲተር “ደረቀ” ብትዪው ይስቅብሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ እርጥበቱን ጻፊ። ቅጹ ላይ ቦታ ባይኖር ጠርዙ ላይ ጻፊው። ይቺ ልማድ ብዙ ሰው ከፍርድ ቤት አድናለች።

ወቅቱን በተመለከተ ቤተሰብ ያስቸግርሻል። ግዢው የሚጦፈው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ገናንና ጥምቀትን ከጫኝና አውራጅ ጋር ታከብሪያለሽ። ባሌ ከተመደብሽ ደግሞ ገናና ቦና የሚሏቸው ሁለት የምርት ወቅቶች አሏቸው፤ ይሄኛው ገና በዓሉ አይደለም። የገናው ስንዴ የሚሰበሰበው ዝናቡ ሳያቆም፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ኮምባይነር አጭዶ እዚያው ማሳው ላይ ያራግፈዋል። እርጥበት ያስተማረኝ ባሌ ነው። አሁን ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴው መጥቶ “ክረምት ላይ እናርፋለን፣ በበጋ እንገዛለን” የሚባለውን ነገር አዘበራርቆታል።

ለሴት ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል። ጤፍና ባቄላ በጣሳ ይዛ ገበያ የምትወጣው ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። ለጨውና ለዘይት የምትሸጠውን ከወንድ ገዢ ይልቅ ለአንቺ አምጥታ ስትደራደር ታያለሽ። ከፍ ያለውን ሽያጭ ባልየው ቢመራውም ቤት ውስጥ ስንት ኩንታል እንደቀረ የምታውቀው እሷ ናት። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የገጠር ከተማ ማደሪያ፣ ማታ ላይ መኪና ማጣት፣ ብር ይዞ መንቀሳቀስ። ብር ይዘሽ ብቻሽን ፈጽሞ አትሂጂ፤ ይሄ ለወንድም ቢሆን ያው ነው። አሁን በባንክና በቴሌብር መክፈል ስለተለመደ ቀለል ብሏል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ግን አሁንም ያው ካሽ ነው።

ዕድገቱስ? አለ፣ ግን መንገዱ አንድ አይደለም። ዩኒየን ውስጥ የግብይት ክፍል ኃላፊ ትሆኛለሽ፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጅነት አለ። እኔ እንደ ሄድኩበት ከሆነ የቢራ ገብሱ መንገድ ጥሩ ነው። ድሮ የአሰላና የጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች ብቻ ነበሩ። አሁን ሱፍሌ ቦሌ ለሚ፣ ቡርትማልት ደብረ ብርሃን ላይ አሉ። እነዚህ ፋብሪካዎች ገበሬውን በውል ያሳርሳሉ፣ ሆልከርና ትራቭለር የሚባሉ ዝርያዎችን ያውቃሉ፣ ገዢያቸውም ግማሽ ነጋዴ ግማሽ የግብርና ባለሙያ መሆን አለበት። ዩሪያ ማዳበሪያ የበዛበት ገብስ ፕሮቲኑ ከፍ ስለሚል ፋብሪካው አይቀበለውም። ሲከማች የሞቀ ወይም የበሰበሰ ገብስ አይበቅልም፤ ያልበቀለ ደግሞ ብቅል አይሆንም። ይሄን በመጋቢት ሳይሆን በሐምሌ ማሳ ላይ ቆመሽ ለገበሬው ካልነገርሽው ጥር ላይ ትጣያለሽ። ደግሞ የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ በለጠ ማለት ገበሬው ዘሩን ካንቺ ወስዶ ገብሱን ለሌላ ይሸጣል። ያኔ ፖሊስ የሚያስፈራራ ገዢ አይቻለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ውል የሚፈርምለት አላገኘም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ናሙና ወሳጅና ደረጃ መዳቢ ይቀጥራል። በ2000 ዓ.ም. ሲጀምር በቆሎና ስንዴ ነበር የሚያገበያየው፤ ብዙም ሳይቆይ ዋናው ሥራው ወደ ቡናና ሰሊጥ ሄደ። እዚያ ናሙናው በኮድ ስለሚመጣ የማን መሆኑን ሳታውቂ ነው የምትመድቢው። ዲሲፕሊኑ ደስ ይላል። ገበሬ ግን አታገኚም።

የራስ ንግድ የምትለውን ለጊዜው አቆያት። እህል ንግድ ከፈቃድና ከብር በላይ ሰው ነው። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ አንድ መኪና ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ለደላላው ይልካል። ደላላው ሸጦ ብሩን ይልክለታል። ብዙው ነገር የሚሄደው በስልክና በመተማመን ነው። ያ ደላላ አንቺን የሚያውቅሽ “የእሷ ጆንያ መሀሉም አንድ ነው” ሲባልልሽ ነው። ስሙን ደሞዝ እየተከፈለሽ ብታበጂው አይሻልም?

አንድ ነገር ደግሞ፣ ገዢ ከሆንሽ “የሻይ” ይመጣል። መጀመሪያ በእንቁላልና በማር ነው። ቀጥሎ የአቅራቢው ፖስታ። ማሩን እንኳ እምቢ ለማለት ይከብዳል፣ ሰው ይቀየማል። እኔ የማደርገው መጋዘን ላይ ለሁሉ ማቅረብ ነው፤ ጫኝና አውራጁም ገበሬውም ይቀምሳል። ፖስታው ግን ከመጣበት እጅ አይውጣ።

ከመፈረምሽ በፊት ዩኒየኑን እነዚህን ጠይቂ። ባለፈው ዓመት የግዢ ብድሩ በየትኛው ወር ተለቀቀ? ለእርጥበትና ለክምችት የሚፈቀድ የክብደት ቅናሽ በጽሑፍ አላችሁ ወይ? ዋስትናው እስከ ስንት ብር ነው? የመስክ አበል ይከፈላል ወይስ “ደሞዙ ውስጥ አለ” ነው? ሚዛኑ መቼ ተመረመረ? መልሱ ሲድበሰበስ ራሱ መልስ ነው። ሁለተኛውን በጽሑፍ ካላሳዩሽ የመጋዘን ኃላፊነት እንዳትረከቢ፤ በባለሙያነት ብቻ ግቢ።

ያልጻፍሽው አንድ ነገር ቀረ። ኦሮምኛ ትችያለሽ? ካልቻልሽም አትሩጪ፣ ግን ከዛሬ ጀምሪ። ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና የእህሉን ስም ይዘሽ ብትሄጂ የመጀመሪያውን ወር ያሻግርሻል። በአስተርጓሚ ዋጋ የሚቆርጥ ገዢ ዋጋውን የሚቆርጠው አስተርጓሚው ነው።