የዋጋ ጭማሪን አሠሪው ይሸፍናል የሚል ውል ልፈርም ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጎንደር ማራኪ ላይ ጂ+2 ልታሠራ ነው፤ ኮንትራክተሩ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል፤ ውሉ ላይ ደግሞ «የገበያ ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱን አሠሪው ይሸፍናል» የሚል አስገብቶብሃል። ልፈርም ወይ ነው ያልከው። አትፈርም። ከላይ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስፈርመው፣ ምን ታደርጋለህ» ብለው የመለሱልህ ሰዎች ከኪሳቸው ስለማይወጣ ነው።

እኔ እዚሁ ጎንደር አዘዞ ነው ያሠራሁት። የተፈራረምነው ግንቦት 2016 ነው። ዶላር ያን ጊዜ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረት ሻጮቹ ዋጋ ስትጠይቃቸው «ዛሬ ትወስጃለሽ ወይስ ነገ?» ማለት ጀመሩ። ኮንትራክተሬም መጣና «እትየ፣ ዶላሩን አላዩም እንዴ?» አለኝ። አይቻለሁ፣ ታዲያ ውሉ የተጻፈው በብር ነው አልኩት።

1. ያቺን መስመር ሰርዛት። የኔም ውል ላይ ነበረች። ጡረታ የወጡ ዳኛ ጎረቤት አሉን፤ ከመፈረሜ በፊት ቡና ላይ ውሉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉና እስክሪብቶ አምጪ አሉ። አንድም ነገር ሳይናገሩ ሰረዟት። ከዚያ ነው ያስረዱኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 ግዴታው አንዱን ተዋዋይ ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ እንደጸና ይቀራል ይላል። ፍርድ ቤት አዝኖለት ውሉን አያሻሽልለትም፤ ራሳችሁ ውሉ ላይ ካልተስማማችሁ በቀር። ቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይባልም ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። ስለዚህ ዝም ብትል እንኳ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። ያቺን መስመር ስትፈርም ግን በገዛ እጅህ አሳልፈህ ሰጠኸው ማለት ነው።

«መንግሥት እንኳ ለኮንትራክተር ያስተካክላል» ይልሃል። ለኔም ብሎኛል። የመንግሥት ሥራ የአስተዳደር ውል ነው፤ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ሸክሙን የሚካፈሉበት የራሱ ድንጋጌ አለው፣ ከቁጥር 3183 ጀምሮ። ያንተ ቤት የግል ውል ነው። ይህን ስነግረው «እትየ ጠበቃ ሆኑ እንዴ» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ።

2. ቅድሚያውን በጥሬ ገንዘብ አትስጥ። ዋናው ይህ ነው። ሕጉ ከኔ ጋር ሆኖ ምን ጠቀመኝ መሰለህ? የሰጠሁት ቅድሚያ የሌላ ሰው ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ሆኖ ተገኘ። ብረት ገዝቶ ያስቀምጣል ብዬ ስጠብቅ እሱ ቀድሞ የጀመረውን ሌላ ቤት ሞላበት፤ ዋጋው ሲሰቀል የኔን የሚገዛበት አጣ። የምድር ቤቱ ኮለን (ምሰሶ) ተሞልቶ ሥራው ቆመ። ከኮለኑ አናት የወጣው ፌሮ ብረት ያን ክረምት ዝናብ ሲጠጣ ከረመ። ዘበኛው በፌስታል እየጠቀለለ በሲባጎ ያስረዋል፣ ነፋሱ ይገልጠዋል። ስሄድ ቀይ ውኃ በኮለኑ ላይ ወርዶ ደርቆ አገኘዋለሁ። በኋላ ሥራው ሲቀጥል አንድ በአንድ በብረት ብሩሽ ያስፈገፈግኩት እኔው ነኝ፣ የቀን ሠራተኛ ከፍዬ።

ልክሰስ ብዬ ነበር። ዳኛው ጎረቤቴ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፊ አሉኝ። ቁጥር 1772 ነው፤ ውል አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ ፈጽም ብለህ ማስጠንቀቅ አለብህ። ቀን ቆርጠህ፣ በጽሑፍ። ስልክ ላይ መጮህ ለማስረጃ አይመችም። እኔ በሪኮማንዴ፣ በፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ፣ ላክሁለት፣ ደረሰኙ እስካሁን አለ። እሱም ያን ጊዜ ነው የደነገጠው።

በዚህ መሀል የግንባታ ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ ይራዘምልኝ የሚል ማመልከቻ ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማዘር፣ ኮንትራክተሩ ራሱ ይምጣ» አለችኝ። ካርታው በኔ ስም፣ ፈቃዱ በኔ ስም! ልጄ፣ ሰውየው ቢገኝ እዚህ ምን አመጣኝ ብላት «እንግዲያው ነገ ይምጡ» አለች። ቀሪው ላይ ማኅተም ሳይመታልኝ አልነሣም ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ወጡ፣ ተመለሱ፣ እኔ አለሁ። መቱልኝ። አንተም የምታስገባውን ደብዳቤ ሁሉ በሁለት ቅጂ አድርግ፤ ቀሪህ ላይ ቀንና ማኅተም ከሌለ አልመጣህም ነው የሚሉህ።

ክስ ግን አልከፈትኩም። ብከፍት እንደማሸንፍ አውቃለሁ፤ ግን ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ላይ ብታስፈርድበት ፌሮህ አይቆምም። በሽማግሌ ተቀመጥን። ብረትና ሲሚንቶ እኔ ልገዛ፣ እሱ የእጅ ዋጋውን፣ አሸዋና ጠጠሩን፣ ፎርምወርኩን ይዞ ይጨርስ ተባለ፤ የወሰደው ቅድሚያ ከያንዳንዱ ክፍያ እየተቀነሰ። ይህንንም በቃል አልተውነውም። ማሻሻያ ውል ተጻፈ፣ እንደ መጀመሪያው ሁለት ምስክር ፈረመበት። የመጀመሪያው ውል በጽሑፍ ከሆነ ማሻሻያውም እንደዚያው ነው፤ «ተስማምተን ነበር እኮ» አያዋጣም።

ስለዚህ ያንተ ሰውዬ 30 በመቶ ካለ ከባንክ ወይም ከኢንሹራንስ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና፣ ማለትም ወስዶ ባይሠራበት ገንዘብህን የሚመልስልህ ወረቀት፣ ያምጣ። አላመጣም? ብሩን አትስጠው፣ ብረቱን ራስህ ግዛ። ባለ 14 እና ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ብረት ዛሬ ገዝተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ። የእውነት ሠራተኛ ከሆነ ደስ ይለዋል፤ የዋጋው ሥጋት ከሱ ላይ ወረደለት። ካኮረፈ ገንዘቡን የፈለገው ለሌላ ነገር ነው።

3. መንገድና ዋጋን ለያይታችሁ ጻፉ። ብረቱ ከአዲስ አበባ አባይን ተሻግሮ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ጎንደር የሚገባው፣ መንገዱ ደግሞ እንዴት እንደሆነ እኔ ልነግርህ አያስፈልግም። መንገድ ከተዘጋ ቀን ይጨመርለት፣ ይህ ተገቢ ነው። ብር ግን አይጨመርለትም በሉ። ካልለያችሁት በተዘጋው መንገድ አሳብቦ የዋጋ ልዩነት ይጠይቅሃል።

ሌላው ትንሽ ነገር ነው። «ዋስትና 6 ወር» የሚል ካለበት እሱንም አስወጣ። ቁጥር 3039 ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኮንትራክተሩ ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። የመጨረሻውን 5 በመቶ ክፍያም ጣሪያው አንድ ክረምት ሳያልፍ አትልቀቅ።

የማሻሻያ ውሉን ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ስም ሸፍኜ እልክልሃለሁ። ቦታህ የሊዝ ይሁን ነባር ይዞታ ግን አልነገርከንም። ሊዝ ከሆነ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ የሊዝ ውልህ ላይ ተጽፏል፤ ኮንትራክተሩ የሚሰጥህ ቀን ከሱ እንዳይበልጥ አስተያየውና መልስልኝ።