በኮሮና ክረምት ሰፈር ውስጥ መረጃ ስናደርስ ምን ሰራ ምን አልሰራም (ለጥያቄሽ መልስ)

"ሰፈራችን ላይ ወጣቶች ተሰባስበን የጤና መረጃ የምንለቅበት ቴሌግራም ቻናል ልንከፍት ነው፣ ክረምቱም እየገባ ስለሆነ ኮሌራ ምናምን እንዳይመጣብን፣ በኮሮና ጊዜ ሰፈር ላይ የሰራችሁ ምን እንደጠቀመ ንገሩን" ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ብዙው ሰው በርቱ ብሎሻል ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም በ2012 ክረምት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ በከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያነት ቤት ለቤት ስዞር ነበር እና ይሄ ነገር እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ። ሰው በጣም ማወቅ የሚፈልገው "አሞኛል ብል ቀጥሎ ምን እሆናለሁ" የሚለውን ነው። ማን ይመጣል፣ ወዴት ይወስዱኛል፣ ስንት ቀን፣ ልጆቼን ማን ያበላልኛል፣ ጎረቤት ምን ይላል። ይሄን ካልመለሳችሁለት የቀረውን ሁሉ ብትለጥፉ አይሰማችሁም፣ ሰምቶም ይደብቃችኋል።

ታስታውሺ እንደሆነ በየቀኑ የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ መግለጫ ታወጣ ነበር፣ ይሄን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይሄን ያህሉ ቫይረሱ ተገኘበት፣ ይሄን ያህል አገገመ፣ ይሄን ያህል ሞተ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ሰው፣ ያ ጃፓናዊ፣ ተገኘ ሲባል ከተማው ቀጥ አለ፣ ማስክና ሎሚ ጠፋ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በቀን በመቶዎች ከዛም አልፎ ከሺ በላይ ሲነገር ሰው መርካቶ ውስጥ ተጋፍቶ ይገበይ ነበር። ቁጥሩ ሲያድግ ፍርሃቱ ቀነሰ ማለት ነው። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የቀን ስራ ሰርቶ ማታ ዱቄት ገዝቶ የሚገባ ሰው ለስንት ወር ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል? ደሞ የሀገር ቁጥር ሰፈር የለውም። እኛን በር ላይ ሲያገኙን የሚጠይቁን "እዚህ መንደር አለ እንዴ?" ብለው ነው። ስለዚህ ቁጥር መልቀቅ የለባችሁም አልልሽም ግን ቁጥሩን ተከትሎ "ስለዚህ በዚህ ሳምንት እኛ ሰፈር ይሄን እናድርግ" የሚል ነገር ከሌለው ባትለቁት ይሻላል፣ የኔ ሀሳብ ነው።

መደበቅ ያልኩሽን ላብራራ። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ቫይረሱ ከተገኘበት ምልክት ባይኖረውም ወደ ማዕከል ነበር የሚሄደው፣ ኤካ ኮተቤ፣ ኋላ ደግሞ ሚሊኒየም አዳራሽ። አብሮት የኖረው ለይቶ ማቆያ ይገባል። ይሄ ለአንድ የቀበሌ ቤት ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው፣ እንጀራ ሸጣ የምታሳድግ እናት አስራ አራት ቀን ከገባች ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ሳል ያለበት ልጅ ስንመጣ ጓዳ ይገባል፣ ሙቀት ስንለካ "ሁላችንም ደህና ነን" ይሉናል። አምቡላንስ ሲመጣ ደግሞ ሳይረኑ እየጮኸ፣ ከላይ እስከታች ነጭ የለበሱ ሰዎች ይወርዳሉ፣ መንደሩ ሁሉ በር ላይ ይቆማል፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ያ ግቢ ኮሮና ቤት ተብሎ ቀረ። ልጆቹን ሱቅ ውስጥ የማይሸጡላቸው ነበሩ እኮ! አንዲት እናት ከማዕከል ድና ተመልሳ ቡና አፍልታ የመጣላት ሰው አልነበረም፣ ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው። አንዱ፣ መኪናው አስፋልት ላይ ያለ ሳይረን እንዲቆምና ሰውዬው በእግሩ እንዲወጣ በየጊዜው እየለመንን ማስደረጋችን። ሁለተኛው ቤቱ ለተዘጋ ቤተሰብ ምን እንደሚደርሰው አስቀድመን መናገር መቻላችን፣ ማዕድ ማጋራት በሚባለው ከተሰበሰበው እህልና ዘይት ድርሻ እንደሚመጣለት፣ እድሩ ምን እንደሚጨምር፣ ማን ተረክቦ በር ላይ እንደሚያስቀምጥለት በስሙ ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ክረምቱ መሀል ላይ ምልክት የሌለው ወይም ቀለል ያለበት ሰው ቤቱ ሆኖ ክትትል ይደረግለታል የሚለው አሰራር መምጣቱ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቅቀን ነበር የምንናገረው፣ ምክንያቱም አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው የሚያድርበት፣ ሽንት ቤቱ የአስራ ምናምን አባወራ የጋራ የሆነበት ግቢ "ቤትህ ተለይተህ ተቀመጥ" ማለት አይሰራም፣ ስለዚህ የተለየ ክፍል ያለው እንዲህ፣ የሌለው እንዲህ ብለን ሁለቱንም እንነግር ነበር። ይሄ ከተነገረ በኋላ ራሳቸው ደውለው "ባሌ ትኩሳት አለው" የሚሉን ሰዎች መጡ።

ለቅሶው ሌላ ጉድ ነበር። ብዙ ሞት የሚታወቀው ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና ነበር እና ቤተሰብ ውጤት እስኪመጣ ቀብር ይቆይበታል፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከልክሏል፣ ድንኳን የለም። ሀዘንተኛ ሰው ፊት ቆመሽ ይሄን ልታስረጂ ስትሞክሪ ማንም አይሰማሽም መስማትም የለበትም። የሰራው ምንድነው፣ ገና ሰው ሳይሞት በፊት ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ቁጭ ብለን አካሄዱን ደረጃ በደረጃ ነገርናቸው፣ ለማን ይደወላል፣ ናሙና ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ማን ይገንዛል፣ ስንት ሰው ይሸኛል፣ የድንኳኑ ወጪ እንዴት በገንዘብ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ከዛ በኋላ ቤተሰቡ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው እድሩ ስለሆነ በነሱ አፍ ሲነገር ይሰማል። እናንተም ቻናል ከመክፈታችሁ በፊት የሰፈራችሁን እድሮች ዞራችሁ አናግሩ፣ ይሄን ከምንም በላይ ነው የምልሽ።

ስለ ቴሌግራም ደግሞ። ሰኔ 22 ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ አልተመለሰም። የወረዳው ግሩፕ፣ የብሎክ ግሩፕ፣ ሁሉም ዝም አለ፣ በሽታው በጣም እየተስፋፋ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። የቀረልን ስልክ መደወል (ስትደውዪ ከጥሪው በፊት የምትሰሚው የኮሮና መልእክት ትዝ ይልሻል አይደል)፣ በእግር መዞር፣ የእድር ለፋፊ፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪና፣ እና ሰው የሚቆምባቸው ቦታዎች ነበሩ። ወፍጮ ቤት፣ ቦኖ ውሃ፣ ከሁሉም ደግሞ ሸማቾች ማህበር በር ላይ የዘይትና የስኳር ሰልፍ፣ ሰው እዛ ለሰዓታት ስለሚቆም ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ሰምቶ ቤቱ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ቻናሉን ክፈቱ ግን በየግቢው አንድ አንድ ሰው ምረጡ፣ እሱ ቴሌግራሙን አይቶ ለግቢው በአፍ የሚናገር። ለእናቶች ጽሑፍ አትላኩ፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ድምፅ ላኩ፣ ያውም ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው ድምፅ። እኛ ጋ ጉራጊኛም ስልጢኛም ኦሮምኛም የሚቀላቸው ብዙ ስለነበሩ በነሱም አስቀድተን ነበር፣ በአማርኛ ስንት ጊዜ የተነገራቸውን ነገር በራሳቸው ቋንቋ ሲሰሙ ገና ጥያቄ ማንሳት ጀመሩ።

ሌላው፣ ሰዉ የጤና ወሬ ብቻ ከሆነ አይከፍተውም። እጃችሁን ታጠቡ እያልን ውሃ በፈረቃ በሳምንት አንዴ ሁለቴ የሚመጣበት መንደር ነበር የምንዞረው፣ አንዲት እናት "ውሃው መቼ እንደሚመጣ ንገሪኝና እታጠባለሁ" አለችኝ፣ ልክ ናት። የውሃ ፈረቃውን ጽፈን በየግቢው በር መለጠፍ ስንጀምር ከሁሉም በላይ የሚነበበው ማስታወቂያ እሱ ሆነ፣ ከስሩ ደግሞ ባልዲ ላይ ቧንቧ ገጥሞ በጥቂት ውሃ እንዴት እንደሚታጠቡ እንጽፍ ነበር። እናንተም ውሃ መቼ ይመጣል፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ የህፃናት ክትባት ቀን፣ የተዘጋ መንገድ፣ እነዚህን አብራችሁ አውጡ።

ወሬን በተመለከተ አትሳደቡ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ የሚሉትን ያሾፉባቸው ልጆች ነበሩ፣ ምንም አልጠቀመም። "ዝንጅብሉን ጠጪው ጉሮሮ ያስታግሳል፣ ማስኩን ግን አይተካም፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ አትቆዪ ደውዪ" ስንላቸው ይቀበላሉ። እያንዳንዱ መልእክት አናት ላይ ቀን ጻፉ፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደተረጋገጠም ጨምሩበት፣ የመጋቢት መልእክት ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ ሲዞር ስንቱን እንዳደናገረ አይቻለሁ። የታመመ ሰው ስም፣ ፎቶ፣ የቤት ቁጥር በጭራሽ እንዳይወጣ፣ የሚያወጣ አባል ካለ በዛው ቀን አስወጡት።

ለኮሌራው አሁኑኑ ማዘጋጀት ያለባችሁ መልእክት እንዲህ ቢሆን፦ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ድንገት ከጀመረ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ነገ ይሻለዋል ተብሎ አይጠበቅም፣ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት) በአንድ ሊትር ንፁህ ውሃ በጥብጦ እየሰጡ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ፣ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል። ውሃ ፈልቶ ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያው መድኃኒት) ተጨምሮበት ይጠጣል፣ ጥሬ አትክልት በክረምት ቢቀር ይመረጣል፣ ሽንት ቤት ከወጡ በኋላ እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠባል። ከዚህ ጋር ግን የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ማታ ክፍት ነው ወይ፣ ኦአርኤስ አለው ወይ፣ የሚያደርስ ባጃጅ ማን ነው ስልኩስ የሚለውን በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጣችሁ ጨምሩ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጇ የታመመባት እናት ያንን ነው የምትፈልገው።

የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች ስትጽፉ በውስጥ ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ፣ ጉራጊኛ የሚቀዳልሽ ሰውም አላጣልሽም።