ያልከፈታችሁትን ሪፈረንስ አትጥቀሱ

ልጆቼ፣ ይቺን የምጽፈው ቲሲስ ለጀመራችሁትና ልትጀምሩ ላላችሁት ነው። በህብረተሰብ ጤና ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ የተማሪ ስራም ብዙ አርሜአለሁ፣ እና ከስታትስቲክሱም ከሜቶዶሎጂውም በላይ የሚያሳስበኝ አንዱ የጠቀሰውን ፔፐር ሌላው ሳያነበው ከሱ ላይ ወስዶ ሲጠቅስ፣ ሶስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ሲወስድ ነው። መጨረሻ ላይ የሪፈረንሱ ዝርዝር ገጽ በገጽ ይሆናል፣ ከዛ ውስጥ ተከፍቶ የተነበበው ስንቱ ነው ብትሉ ግን መልስ የለም።

ይሄ ምን ጉዳት አለው ለምትሉ፣ በ1980 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አንዲት ደብዳቤ ወጥታ ነበር። ሙሉ ጥናት እንኳን አይደለችም፣ አምስት አረፍተ ነገር ነች። ሆስፒታል ተኝተው ኦፒዮይድ፣ ማለትም ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ከወሰዱ 11,882 ሰዎች ውስጥ፣ በፊት የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ የያዛቸው 4 ብቻ ናቸው ነው የምትለው። በቃ ይሄው ነው። መድሃኒቱን ቤቱ ወስዶ ለወራት ስለሚውጥ ሰው አንድም ቃል የላትም። ታዲያ በ2017 የካናዳ ተመራማሪዎች የጠቀሷትን ፔፐሮች ሁሉ ሰብስበው ቢያዩ 608 ሆነው ተገኙ፣ ከነዚህ 72 ፐርሰንቱ ኦፒዮይድ ሱስ የማስያዙ ነገር ብርቅ ነው ለማለት እንደ ማስረጃ ነው የተጠቀሙባት፣ ከ80 ፐርሰንት በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሰዎቹ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን አልጻፉም። አምስት አረፍተ ነገር እኮ ነው! አንብቦ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አሜሪካ በኦፒዮይድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አጥታለች፣ ሁሉም በዚች ደብዳቤ የመጣ ነው አልልም፣ ግን ሐኪሙ መድሃኒቱን ሳይፈራ ለበሽተኛ እንዲያዝ ካደረጉት ነገሮች አንዷ እሷ ነበረች።

ዛሬ እናንተ ይሄን ለማጣራት ስልካችሁ ይበቃል። አብዛኛው አዲስ ፔፐር ዲኦአይ የሚባል ከ10 የሚጀምር ቁጥር አለው፣ እሱን ኮፒ አድርጋችሁ የዲኦአይ ድረገጽ ላይ ስታስገቡት ወደ ዋናው ፔፐር ይወስዳችኋል። ቁጥሩን ከሚመዘግቡት ትልቁ ክሮስሬፍ ነው፣ በ2000 አሳታሚዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት። እዛ ርዕስ ብቻ አስገብታችሁም መፈለግ ትችላላችሁ። ደስ የሚለው ደግሞ አሳታሚዎቹ እዛ ያስገቡት የሪፈረንስ ዝርዝር ብዙ ዓመት አብዛኛው ዝግ ሆኖ ቆይቶ በ2017 ይከፈት የሚል ዘመቻ ተጀመረ፣ ከ2022 ጀምሮ ሁሉም ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው። ኦፕን አሌክስ የመሳሰሉት ነጻ ዳታቤዞችም ከሱ ይወስዳሉ፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲያችን አልከፈለበትም የሚለው ነገር ቢያንስ ለዚህ ስራ አያግዳችሁም።

ወደ ኋላ ብቻ አትሂዱ፣ ወደ ፊትም ሂዱ። ፔፐሩን ከወጣ በኋላ እነማን ጠቀሱት፣ ማን ተቃወመው? ይሄን ሀሳብ፣ ማለትም ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ የማዘጋጀቱን ነገር፣ ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የመረጃ ሳይንስ ሰው በ1955 አቅርቦት በ1964 ፊላደልፊያ ላይ ትልልቅ ጥራዝ አድርጎ አሳተመው፣ የሚያገኘውም ገዝቶ ያስቀመጠ ላይብረሪ ያለው ሰው ነበር። አሁን ጎግል ስኮላር በሚባለው የፔፐር መፈለጊያ ላይ ከርዕሱ ስር ያለውን ሳይትድ ባይ (የጠቀሱት ማለት ነው) መንካት ነው። ሴማንቲክ ስኮላር የሚባለው ሌላው መፈለጊያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠቀሰው ሰው ምን ብሎ እንደጠቀሰው አረፍተ ነገሩን ራሱን ያወጣላችኋል፣ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም አንድ ፔፐር ያላለውን እያስባሉት እንደሆነ እዛው ይታያል።

ዞተሮ የሚባለውን የሪፈረንስ ማስቀመጫ ፕሮግራምም ጫኑ፣ ነጻ ነው። ካስቀመጣችሁት ውስጥ በኋላ ሪትራክት የተደረገ፣ ማለትም ችግር ተገኝቶበት ከታተመ በኋላ የተሰረዘ ፔፐር ካለ ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል።

ኤአይ ጠይቃችሁ የሰጣችሁን ሪፈረንስ ግን አንድ በአንድ ፈትሹት፣ እለምናችኋለሁ። የደራሲው ስም ትክክል፣ ጆርናሉ ትክክል፣ ዓመቱም የሚመስል ይሆንና ፔፐሩ ግን በምድር ላይ የሌለ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ዲኦአዩ ይከፈታል፣ የሚከፈተው ግን ስለ ሌላ ነገር የተጻፈ ነው፣ ስለዚህ ሊንኩ ሰራ ብላችሁ አትለፉት፣ ርዕሱንና አብስትራክቱን እዩ።

በሌላ በኩል ክሮስሬፍ ላይ የለም ማለት የለም ማለት አይደለም። የሀገራችን የድሮ ጥናት ብዙው ዲኦአይ የለውም፣ የማስተርስ ቲሲሶች፣ የሚኒስቴር ሪፖርቶች፣ የቆዩ ጆርናሎች። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 ጀምሮ ሲታተም የኖረ ነው፣ ስለ ወባም ስለ ቲቢም ስትጽፉ እዛ ያለውን ዘላችሁ የውጭውን ብቻ ብትጠቅሱ ስራችሁ ጎዶሎ ነው። እንዲህ ያለው ሲገጥማችሁ ላይብረሪ ሂዱና ሰራተኞቹን ጠይቁ፣ የሚያውቁት ብዙ ነው፣ ጠያቂ ነው ያጡት። ስታገኙት ገጹን ፎቶ አንሱና ዞተሮ ውስጥ አያይዙት፣ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት ይኖራችኋል።