«ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል ማስታወቂያ ሕጋዊ ነው? (መልስ)

ወንድሜ፣ 43 ዓመትህ ሆኖ ባሕር ዳር ላይ ለወጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሥራ መመዝገብ ተከለከልኩ ብለህ ጠይቀሃል። ዝም ብለህ አትለፈው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ዕድሜን በስም አይጠራም። ግን «በሌላ አቋም ምክንያት» ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል፤ ክርክርህን እዚያ ላይ አቁመው። ለፖሊስና ለመከላከያ ምልመላ የዕድሜ ጣሪያ ቢኖር ይገባኛል። ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ምን ይሉታል?

«ጡረታው ቀርቧል» ካሉህ አትቀበል። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ገና 17 ዓመት ትሠራለህ። ለዕድሜ ልክ አበል የሚያበቃው ደግሞ 10 ዓመት አገልግሎት ነው።

በመጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ አጣራ። እንደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የፌዴራል ነው፣ በፌዴራሉ የሠራተኞች አዋጅ ይመራል። የክልሉ ቢሮዎችና የከተማው ጽሕፈት ቤቶች ግን በክልሉ አዋጅ ነው የሚሠሩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ይዘህ እንዳትሄድ፣ እሱ ለመንግሥት ሠራተኛ አይሠራም።

ዛሬውኑ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ ፎቶ አንሳው። ቁጥሩ፣ ቀኑና ማኅተሙ በደንብ ይታይ፤ ነገ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክት፣ «የዕድሜ ገደቡ በየትኛው ሕግ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብለህ አስፈርም። በቃል የተነገረህን ማንም አይቆጥርልህም። መልስ ከነፈጉህ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በል፤ ክፍያ አይጠይቅም።