የድምፅ መቅጃው በራስዎ ኮምፒውተር ሠርቶ በአይፍሬም ውስጥ ሲከለከል

እህታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ለልጆች የንባብ መለማመጃ የሠሩት ገጽ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ የተማሪውን ድምፅ ያለ ችግር ሲቀዳ ቆይቶ፣ ሰርቨር ላይ ተጭኖ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ውስጥ በአይፍሬም (አንድን ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ በሚያሳይ ክፈፍ) ከገባ በኋላ «ኖት አላውድ ኤረር፣ ፐርሚሽን ዲናይድ» (አልተፈቀደም፣ ፈቃድ ተከልክሏል) ይላል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ሳጥን ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። ሌሎች አባላት ብራውዘሩን ዘግቶ መክፈትንና የማይክ ፈቃዱን ከሴቲንግ ማስተካከልን መክረዋል። ይህ አይጎዳም፤ ነገር ግን በእርስዎ ሁኔታ መፍትሔው እዚያ ያለ አይመስለኝም።

ዋናው ፍንጭ የሳጥኑ አለመውጣት ነው። ሳጥኑ ወጥቶ ተጠቃሚው ቢከለክል ኖሮ ክልከላው ከሰው የመጣ ይሆን ነበር፤ ማንም ሳይጠየቅ የተከለከለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብራውዘሩ የጥበቃ ደንብ የመጣ ነው። አስቸጋሪው ነገር ብራውዘሩ ለሁለቱም አንድ ስም መስጠቱ ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን መልእክት ያንብቡ። በክሮም «ዲስሚስድ» ካለ ተጠቃሚው መልስ ሳይሰጥ ሳጥኑን ዘግቶታል፤ «ባይ ሲስተም» ካለ ዊንዶውስ ወይም ማክ ራሱ ማይኩን ለብራውዘሩ ከልክሎታል፤ «ዲናይድ» ብቻ ብሎ ኮንሶሉ (የብራውዘሩ የስህተት መልእክቶች የሚታዩበት መስኮት) ላይ «ፐርሚሽንስ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» (የፈቃድ ደንብ ጥሰት) የሚል መስመር አብሮ ከታየ ግን ችግሩ ያለው በገጾቹ አሠራር ላይ ነው። ቀደም ሲል የተሰጠ የእምቢታ መልስ ተቀምጦ እንዳያሳስትዎ በቅድሚያ በክሮም የጌስት (የእንግዳ) መስኮት አንድ ጊዜ ይሞክሩት።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የኤችቲቲፒኤስን (የተመሰጠረውን ግንኙነት) አለመኖር ነው። ክሮም ከ2015 ወዲህ፣ ከቁጥር 47 ጀምሮ ማለት ነው፣ ባልተጠበቀ አድራሻ ላይ ካሜራና ማይክ አይሰጥም። ሎካልሆስት (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ከዚህ ነጻ ስለሆነ በራስ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ በ192.168 የሚጀምረው የቤት ውስጥ አድራሻ ግን ነጻ አይደለም። ሆኖም ምክንያቱ ይህ ቢሆን ኖሮ ማይክና ካሜራ የሚጠየቅበት «ሚዲያ ዲቫይስስ» የተባለው የብራውዘሩ ክፍል ራሱ ስለማይኖር የሚያገኙት «ታይፕ ኤረር» ነበር። የእርስዎ ስህተት እንደዚያ ስላልሆነ ይህንን ማለፍ ይቻላል።

አሁን ወደ አይፍሬሙ እንምጣ፤ እኔም የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ከ2018 ጀምሮ ክሮም በሌላ ኦሪጂን (ፕሮቶኮል፣ ዶሜይንና ፖርት አንድ ላይ) ላይ ላለ አይፍሬም ማይክና ካሜራ የሚሰጠው፣ የያዘው ገጽ በአይፍሬሙ ታግ ላይ በሚጻፈው «አላው» በተባለው አትሪቢዩት (ባሕርይ መግለጫ) ውስጥ «ማይክሮፎን» ወይም «ካሜራ» ብሎ በግልጽ ሲያስተላልፍለት ብቻ ነው። ይህን አውቄ፣ አትሪቢዩቱንም በትክክል ጽፌ፣ የአንድ የቋንቋ ማስተማሪያ ገጽ መቅጃ ሁለት ቀን ሙሉ አልሠራ አለኝ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አንድም ስህተት አላገኘሁም። በሁለተኛው ቀን ማምሻውን ገጹና ሰርቨሩ የሚለዋወጡት የሚታይበትን የብራውዘሩን የኔትወርክ ታብ ከፍቼ ገጹን እንደገና ስጭን፣ አይፍሬሙ የሚጠራው አድራሻ 301 የተባለውን የማዞሪያ ኮድ መልሶ ወደ ሌላ አድራሻ ሲያዞር አየሁ፤ ልዩነቱ ከፊቱ የተጨመሩት ሦስት «ደብልዩ»ዎች ብቻ ነበሩ። «አላው» ውስጥ «ማይክሮፎን» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ፈቃዱ የሚሰጠው «ሶርስ» (የአይፍሬሙ አድራሻ የሚጻፍበት አትሪቢዩት) ላይ ለተጻፈው ኦሪጂን ነው። ሰርቨሩ ወደ ሌላ ኦሪጂን ሪዳይሬክት ካደረገ ፈቃዱ አብሮ አይሄድም፤ ለብራውዘሩ እነዚያ ሦስት ፊደላት ያሉት ዶሜይንና የሌሉት ዶሜይን ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። የመጨረሻውን አድራሻ ቀጥታ «ሶርስ» ላይ ስጽፈው ሳጥኑ ወዲያው ወጣ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመነካካትዎ በፊት የአይፍሬሙ አድራሻ 301 ወይም 302 እንደማይመልስ ያረጋግጡ። አትሪቢዩቱን በጃቫስክሪፕት የሚጨምሩት ከሆነም አይፍሬሙ ከተጫነ በኋላ የመጣ ለውጥ እንደገና እስኪጫን ድረስ እንደማይሠራ ያስታውሱ፤ አይፍሬም ውስጥ ሌላ አይፍሬም ካለ ደግሞ በየደረጃው መተላለፍ አለበት።

ይህ ትክክል ሆኖ አሁንም ካልሠራ የትምህርት ቤቱን ገጽ ሄደር (ሰርቨሩ ከገጹ ጋር ለብራውዘሩ የሚልከውን መመሪያ) ይመልከቱ። ኔትወርክ ታብ ላይ ዋናውን ገጽ ጠቅ አድርገው «ሪስፖንስ ሄደርስ» ውስጥ «ፐርሚሽንስ ፖሊሲ» የሚለውን ይፈልጉ፤ ክሮም በ2021 ስሙን ከመቀየሩ በፊት «ፊቸር ፖሊሲ» ይባል ነበር። «ማይክሮፎን» ከሚለው ቀጥሎ ባዶ ቅንፍ ካዩ፣ ያ ገጽ ለራሱም ሆነ በውስጡ ላለ ለማንም ማይክ አይሰጥም፤ የአይፍሬሙ «አላው» ያንን ሊሽረው አይችልም። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ለደኅንነት ተብሎ ከአንድ ቦታ ተገልብጦ የተለጠፈ ዝግጁ የሄደር ስብስብ ነው። መስመሩን ማጥፋት አያስፈልግም፤ በቅንፉ ውስጥ «ሰልፍ» (ገጹ ራሱ) እና የእርስዎ ኦሪጂን ሙሉ አድራሻ እንዲገቡ የሰርቨሩን ኃላፊ በትሕትና ይጠይቁ።

የይዘት ማስተዳደሪያው ሲስተም አይፍሬሙ ላይ «ሳንድቦክስ» የሚል፣ በውስጡ ያለውን ገጽ መብት የሚገድብ አትሪቢዩት ራሱ ጨምሮ እንደሆነም ይዩ። «አላው ሴም ኦሪጂን» ከሌለው ገጽዎ «ነል» የተባለ ኦሪጂን ይይዛል፤ ሎካል ስቶሬጅን (በብራውዘሩ ያለውን የገጹን ማስቀመጫ) ሲነካ «ሴኩሪቲ ኤረር» ያወጣል፣ ማይክም ያስቸግራል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገጽዎ ከትምህርት ቤቱ ጋር በአንድ ኦሪጂን ላይ ከተቀመጠ፣ «አላው ስክሪፕትስ» እና «አላው ሴም ኦሪጂን» አንድ ላይ ሲሰጡ በውስጥ ያለው ኮድ ሳንድቦክሱን ራሱ ሊያነሳው ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ ጥበቃው የለም ማለት ነው። መቅጃውን በሌላ ሰብዶሜይን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በፍላሽ (በድሮው የብራውዘር ማጫወቻ) ዘመን «2048» የሚለውን የሳንድቦክስ ስህተት ለማስወገድ የትኞቹ ዶሜይኖች እንደሚፈቀዱ በሚገልጸው በክሮስዶሜይን ፋይል ላይ ለማንኛውም ዶሜይን የሚፈቅድ ኮከብ ምልክት ለጥፈን እናልፍ ነበር፤ ያ ልማድ ዛሬ እንዲደገም አልፈልግም፣ በተለይ የልጆች ድምፅ በሚቀዳበት ገጽ ላይ።

ቀረጻው ከተሠራ በኋላ ድምፁ ራሱ እንዲጫወት ካደረጉ ያው «ኖት አላውድ ኤረር» ሊመጣ ይችላል። ያ የአውቶፕሌይ ክልከላ ነው፤ ማጫወቻውን ቁልፍ ሲጫን እንዲጀምር ያድርጉት። ወላጆች ሊንኩን በስልክ ከመልእክት መላኪያ መተግበሪያ ውስጥ የሚከፍቱት ከሆነም፣ መተግበሪያው ፈቃዱን ካላስተላለፈ የእርስዎ ኮድ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ በብራውዘር እንዲከፍቱት የሚያሳስብ አንድ መስመር ይጻፉላቸው።

ይህን አይተው ካልተፈታ የአይፍሬሙን ሙሉ ታግ፣ የዋናውን ገጽ «ፐርሚሽንስ ፖሊሲ» መስመርና ኮንሶሉ ላይ የወጣውን መልእክት ሳያሳጥሩ ይለጥፉልን፤ ነገ ማታ ተቀምጬ አየዋለሁ።